የፍየሏ ድርሻ

ዛሬ ቀዳም ሹር ነው። ከድንበር ማዶ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባል የሶማሌ ከተማ ሰፈር ባለው የኪራይ ግቢያችን፣ በበርሜል ያበቀልነውን ቄጤማ አጭጄ ለራስ ማሰሪያ የማደል ሹመት ተሰጥቶኝ ነበር። መነጽር የሽማግሌ ነው ብዬ ትቼው ወጣሁ። አጨድኩ፣ አደልኩ፣ የራሴንም ግጥም አድርጌ አሰርኩ። ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት አሽትታ፣ «አባባ፣ ይሄ ለወጥ እንጂ ለራስ አይሆንም» አለችኝ። ለካ የጎረቤትን የሽንኩርት ቅጠል ነው ሙልጭ ያደረግኩት! ሳቅ፣ ግድ የለህም፤ ሁሉም ስቋል። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን አነባ። በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ያኔ በጦርነቱ ጊዜ፣ ከተማዋ በመድፍ ስትታረስ፣ ዳሚ የሚባል ሌላ ሰፈር ነበርን፤ ግንበኞች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ አንድ ሾፌር። ሾፌሩ ድንበር ተሻግሮ ከጅግጅጋ ከተማ ረግረግ የቄጤማ ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣልንና በተቆረጠ በርሜል ተከልነው። ፊታችንን የታጠብንበት ውሃ ሁሉ የእሱ ነበር። ለፋሲካ ካልደረሰ በዓሉ ራሱ የቀረብን ይመስለን ነበር። ከዚያ ተኩሱ ባሰ፤ ውሃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪ ቀረ። ፊት መታጠብም ቀረ፤ እኔማ ሰበብ አገኘሁ። ቄጤማው ከጫፉ እየጠወለገ መጣ።

አከራያችን ሶማሌ አሮጊት ነበሩ፤ ኤዶ እንላቸው ነበር፣ አክስቴ ማለት ነው። ለሶላት ሲታጠቡ ከእጃቸው የሚወርደውን በሳፋ እያጠራቀሙ በርሜሉ ላይ ያፈሱ ጀመር።

«እናንተ ሐበሾች፣ ሳር ራሳችሁ ላይ ታስራላችሁ! ፍየሌ እንኳ ሆዷ ውስጥ ነው የምትከተው።»

እኔም ከበዓሉ በኋላ ለፍየሏ አንድ ሸክም ቃል ገባሁላቸው።

በቀዳም ሹር ማለዳ ጎረቤት ቤት ተመታ። ግቢው ባሩድና አቧራ ሸተተ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆመ። እኛ ጨርቃችንን ስንሰበስብ፣ ኤዶ በሽንኩርት ቢላቸው ቄጤማውን ከሥሩ አጭደው በየእጃችን አስያዙን። አንዲት ዘለላ አላስቀሩም። ፍየሏ ባዶውን በርሜል ስታሸት አየኋት።

«ኤዶ፣ ይምጡ እንጂ!»

«ፍየሏን ማን ያልባታል? ሂዱ። እሰሩ።»

ጦርነቱ በርዶ ስንመለስ ግቢው የድንጋይ ክምር ነበር። ኤዶ ስደተኛ ካምፕ ገብተዋል ያለ አለ፤ አንገቱን ደፍቶ መንገዱን የቀጠለም አለ። በርሜሉን ከፍርስራሹ ቆፍሬ አወጣሁት፤ ሥሩ እንደ አሮጌ ገመድ ደርቋል። ዛሬም የምንተክለው በእሱ ነው። ያን ቀን አብረውኝ ካሰሩት ግን እዚህ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በየዓመቱ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሸክም ቄጤማ በር ላይ አኖራለሁ። የሰፈሩ ፍየሎች እየተጋፉ ይጨርሱታል። የአንዳቸውም ድርሻ ግን አይደለም።