ጋሽ አፍንጫን ያልሸተተው ቤንዚን

መካኒኩን ጋሽ አፍንጫ ያሉት ደንበኞቹ ናቸው። መኪና ገና የጋራዡን በር ሳያልፍ «ይቺ ዘይት ታቃጥላለች» ይል ነበር፣ ኮፈን ሳይከፍት። ሠላሳ ዓመት የኖረው በዚያ አፍንጫ ነው።

ታዲያ ካለፈው ከባድ ጉንፋን ወዲህ ያ አፍንጫ ሥራ አቁሟል። ስድስት ወር ሙሉ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሰው እንዴት አፍንጫውን ይደብቃል? እሱ ደበቀ። ዘዴው ከጎኑ የቆመውን ሰው ፊት ማየት ነበር፤ ሰውየው ፊቱን ካጨማደደ ቤንዚን አለ፣ ካላጨማደደ የለም።

ዛሬ የመጣችው ያረጀች ፒክአፕ ናት። ባለቤቷ ጡብ የሚያመላልስ ጎልማሳ ነው፤ እናቱን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ወጥቶ ሞተሩ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ አስቸገረው። እናትየው ከውስጥ ተቀምጠዋል።

ጋሽ አፍንጫ የባለመኪናውን ፊት አየ። ምንም የለበትም። በብልጭታ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታ። አንደኛው ጥላሸት ለብሷል። ጠርጎ ከኬብሉ ጋር አገናኘውና የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ በፒንሳ ያዘው። ቁልፉ ሲዞር ጫፉ ላይ ብልጭ ካለ ይሠራል ማለት ነው። ሺህ ጊዜ ያደረገው ነገር ነው።

«ስልህ ታዞራለህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባለመኪናው ከመሪው ጀርባ። ከዚያ በረጅሙ ተናፈጠ።

ጋሽ አፍንጫ ልቡ ድንግጥ አለ። «ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?»

«ሳምንቴ። አዙር ነው ያሉኝ?»

ጎንበስ ብሎ በጎን መስኮቱ አየ። እናትየው የሻሻቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ይዘዋል። የልጃቸው እጅ ቁልፉ ላይ ነው።

«እንዳታዞር! እጅህን አንሳ! ውረዱ፣ ሁለታችሁም ውረዱ!»

ፒክአፗን ከባለመኪናው ጋር ገፍተው ወደ ግቢው አወጧት።

«እኔ እኮ ምንም አልሸተተኝም!» አለ ባለመኪናው ፊቱ አመድ መስሎ። «በዚያ አፍንጫዎ እናቴን አተረፉልኝ!»

ዝም ቢል ማን ያውቃል? ወሬው እስከ ማታ ከተማውን ያዳርሰው ነበር። ግን ነገም አንድ ጉንፋን የያዘው ሰው መምጣቱ አይቀርም። 

«አልሸተተኝም» አለ። «ስድስት ወር ሆነኝ፣ ምንም አይሸተኝም። እናትህን አይቼ ነው። እሳቸው ባይኖሩ ለኩሼህ ነበር።»

ባለመኪናው በንዴት የእናቱን ክንድ ያዘ።  «እማዬ፣ ነይ እንሂድ። ሌላ መካኒክ እንፈልጋለን።»

እናትየው አልሰሙትም። «የሚያፈሰው ምኑ ነው?» ብለው ጋሽ አፍንጫን ጠየቁት።

«የቤንዚኑን ትነት ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚወስድ ቱቦ አለ። የሆነ ቦታ ተሰንጥቆ ይሆናል።»

«አንተ ምራኝ፤ እኔ ላሽትልህ።»

ቀስ ብለው ከመኪናዋ ጎን አጎነበሱ። እሱ ተንበርክኮ ቱቦውን ስንዝር በስንዝር አሳያቸው። «አይደለም» አሉ። «አይደለም። ቆይ፣ እዚህ ጋ።»

ጣቱን ሰደደ፤ ስንጥቁን አገኘው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እጁ ግሪስ ብቻ ስለነበር ግን አልጠረገውም።