ዐሥር ተራ ያለው ማጫወቻ

ሥራ የጀመርኩት ወልድያ፣ ጋሽ ይመር የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ብየዳ ያስይዘኛል ብዬ ስጠብቅ መጥረጊያ አስያዘኝ። ጠርጌ ሳልጨርስ አንድ ገበሬ ሬዲዮውን አቅፎ ገባና፣ «የጎረቤቴ ባለ ስድስት ድንጋይ ነው፤ የኔ ባለ አራት። ይኸን ባለ ስምንት አድርጉልኝ» አለ። ድንጋይ የምንለው የባትሪ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ የሬዲዮ ጉልበት የሚወራው በድንጋዩ ብዛት ነበር።

ጋሽ ይመር ቀና ሳይል፣ «ወንድሜ፣ ድንጋዩ የሚበላው ነው፤ የሚናገረው ሌላ ነው። ብዙ የበላ በሬ ሁሉ አራሽ ነው እንዴ?» አለው። ሰውዬው ተቆጥቶ ወጣ። ፊት ለፊታችን ያለው ጠጋኝ ዘንድ ገብቶ ባዶ የድንጋይ ቤት አስለጠፈና እየሳቀብን አለፈ። ሬዲዮው ያው ሬዲዮ ነው። የሥራው ነገር በዚያ ቀን ገባኝ፤ ግማሹ ብየዳ ነው፣ ግማሹ የሰው ሞኝነት መስማት።

ከእጅ አቀባይነት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ጠጋኝነት ወጣሁ። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥርና ሽቦ ግን አይጠፋኝም። አገሬ ላሊበላ ተመልሼ ሱቅ ስከፍት የመጣልኝ ሬዲዮና ቴፕ ነበር። ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ዲሽ። መጨረሻ ላይ ይኸ የጌም ማጫወቻ የሚሉት መጣ፤ ጎረምሳ ሁሉ ስለ ጉልበቱ የሚጣላበት።

መጀመሪያ የሚጣሉት በቢት ነበር። ባለ ስምንት ቢት፣ ባለ ዐሥራ ስድስት፣ ባለ ስልሳ አራት። ቢት ማለት ዕቃው ባንድ ጊዜ የሚጎርሰው የቁጥር ጉርሻ ነው። ትልቅ የጎረሰ ሁሉ ቶሎ አይውጥም። ይኸን ማን ይጠይቃል? ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር ካለ በቃ።

አንድ ቀን አንዱ «ባለ ስልሳ አራት ቢት» ተብሎ የተጻፈበት ማጫወቻ ይዞ መጣ። በእጁ እየመዘነ፣ «ክብደቱን ይዩልኝማ፣ ጉልበት ያለው ነው» ይለኛል። ብሎኑን ፈታሁት። ውስጡ የመዳፌን ግማሽ የማትሞላ ቦርድ፣ በላይዋ ጠብ ያለ ጥቁር ሙጫ፣ ከጎኗ በማስቲሽ የተለጠፈ ብረት። ብረቱ ከምንም ሽቦ ጋር አይገናኝም። እንዲከብድ ብቻ ነው የገባ። «ጉልበቱ ይኸውልህ» ብዬ ብረቱን አቀበልኩት። አልሳቀም። መልሼ እንድለጥፍለት ለመነኝ፤ ለካ ሊሸጠው ኖሯል። እምቢ አልኩት። ራሱ ለጥፎ ሸጠው።

ከቢት በኋላ ሜጋ ኸርዝ መጣ፤ ዕቃው በሰከንድ ስንቴ እንደሚመታ የሚናገር። ቶሎ ቶሎ የረገጠ ሁሉ ሮጠ ማለት ነው? ቆሞ የሚረግጥም አለ። አሁን ደግሞ ቴራ ነው። ደሴ ያለ የሥራ ጓደኛዬ እንዳስረዳኝ፣ አንድ ቴራ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ስሌት ነው። እሱም ቢሆን ዕቃው ምንም ሳያግደው ቢሠራ የሚደርስበት ነው እንጂ በየቀኑ የሚሠራው አይደለም።

የኛ አገር ሰው ይኸን ለመረዳት ኮሌጅ አያሻውም። ጥማድ ምንድን ነው? አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የማን በሬ? ምን ዓይነት መሬት? ረባዳው ጥቁር አፈር ነው ወይስ የኛ ጭንጫ? ባለ ዐሥር ቴራ ነው ያለህ ሰው፣ ያልደከመ በሬ ለስላሳ አፈር ላይ የሚያርሰውን ነው የነገረህ። ሚሞሪ የሚሉት የዕቃው ማስታወሻ ጠባብ ከሆነ፣ ማራገቢያው አቧራ ከጠጣ፣ ጨዋታውን የሠራው ሰው ሰነፍ ከሆነ፣ ቴራው ካርቶኑ ላይ ይቀራል። ያንዱን ፋብሪካ ቴራ ከሌላው ፋብሪካ ቴራ ጋር ማወዳደርማ፣ ቁናን ከቁና ሳያስተያዩ እህል መበደር ነው።

እኔ የምለካው እንዲህ ነው። ሁለቱን ዕቃ አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ላይ እሰካለሁ። አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ቦታ። ኳስ ከሆነ ዝናብ የሚዘንብበትን ሜዳ እመርጣለሁ። የማዕዘን ምት ተመትቶ ተጫዋቹ ሁሉ ግብ ፊት ሲተራመስ፣ ደካማው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሥዕሉ እንደ አንካሳ ያነክሳል። ከዚያ እስኪግል አስጫውታለሁ። ገና ሳይግል ሁሉም ጀግና ነው። ሲግል ላለመቃጠል ብሎ ፍጥነቱን የሚቀንስ አለ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮህ አለ። በሬ የሚገዛ ሰው ጠምዶ ያያል እንጂ ቀንድ ለክቶ አይከፍልም። ጎረምሶቹ ግን እስከ ዛሬ ቀንድ ነው የሚለኩ።

ጥሩወርቅ ከገበያው በላይ ጌም ቤት ያላት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታስተምረው በሁለት አሮጌ ማጫወቻ ነው። ስንቴ እንደጠገንኳቸው እኔ ነኝ የማውቅ። እሷ ጨዋታውን ዞራ አታየውም። በር ላይ ተቀምጣ ተራ ታስይዛለች። «ተራህ አልደረሰም!» «አንተ ሾካካ፣ የሰው ተራ አትስረቅ!» ድምጿ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

አምና ገና ሲቃረብ ከታች ሰፈር ሌላ ጌም ቤት ተከፈተባት። ገና ለላሊበላ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ከአባት ከእናቱ ጋር የመጣ ጎረምሳም ይጎርፋል። ጌም ቤት ዓመቱን የሚበላው የዚያን ሰሞን ነው። ጥሩወርቅ ጨነቃት። ይኸን ጊዜ አቤል የሚባል ነጋዴ ከደሴ አዲስ ማጫወቻ ይዞላት መጣ። ሁለቱን አሮጌዎች ወስዶ አንዱን አዲስ ሊሰጣት ተስማሙ።

«አያ ተገኘ፣ ይምጡና ይመልከቱልኝ» አለችኝ።

«ምን አለው ደግሞ?»

«ዐሥር አለው ይላል።»

«ዐሥሩ ካርቶኑ ላይ ነው ያለ።»

«ኤዲያ አንቱ ደግሞ! አዲስ ነገር ሁሉ ጠላትዎ ነው። ቴሌቪዥን ቀጭን ሆኖ የመጣ ጊዜም ሲረግሙ ነበር።»

ረግሜያለሁ። አሁንም እረግማለሁ፤ አንድ ክርን ሲነካው የሚሰነጠቅ ዕቃ።

ጠዋት ስደርስ ሁለቱ አሮጌዎች በማዳበሪያ ተጠቅልለው ለመጫን በር ላይ ተቀምጠዋል። ጎረምሳው ቤቱን ሞልቶታል። ጥሩወርቅ የገና ሰሞን ዐሥር ዐሥር እየሆናችሁ ትጫወታላችሁ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። እኔ የሴት ፉከራ ነው ብዬ አለፍኩት።

አቤል ስልኩን አወጣና አንድ አጭር አንድ ረጅም ቋሚ እንጨት የመሰለ ሥዕል አሳየኝ። «አጭሩ የእትዬ ነው፣ ረጅሙ ይኸ አዲሱ ነው፤ ልዩነቱን አዩት ጋሼ?»

«እንጨቱን ማን ቆረጠው?»

«ፋብሪካው ነው።»

«ሻጩ ነዋ! የልጅቱን መልክ እናቷን ነው የጠየቅህ።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። አቤል አልደነገጠም። «እትዬ ከጋሼ ይልቅ ገብቷቸዋል» አለ። «ገና ካርቶኑን ሳልፈታው ‹ስንት ቴራ አለው?› ብለው ነው የጠየቁኝ። ዐሥር ነው አልኳቸው፤ ወዲያው እጅ መታን። እንዲህ የሚያውቅ ደንበኛ ደሴም የለኝ!» ጥሩወርቅ ሻሿን አስተካከለች።

አንዱን አሮጌ ከማዳበሪያው አስወጥቼ ጎን ለጎን ሰካኋቸው። ዝናቡን አዘነብኩ፣ የማዕዘን ምቱን አስመታሁ። አሮጌው አነከሰ። አዲሱ ውኃ ሆኖ ፈሰሰ። እስኪግል አቆየሁት፤ አልቀነሰም፣ አልጮኸም። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። አልክድም። «ይሠራል» አልኩ፤ ከኔ አፍ ይኸ ትልቅ ምስጋና ነው።

ጥሩወርቅ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወደ በሩ ዞራ፣ «በሉ ተራ የያዛችሁ ግቡ! ዐሥራችሁም ግቡ!» አለች። ተጋፍተው ገቡ። ሁለቱ ተቀምጠው ጆይስቲክ ያዙ። የቀሩት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«የቀረውን ስጣቸው እንጂ» አለችው አቤልን።

«የቱን እትዬ?»

«መጫወቻውን ነዋ። የስምንቱን።»

አቤል ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየኝ። «እትዬ፣ ሁለት ሰው ነው የሚጫወትበት።»

«ዐሥር ተራ አለው አላልከኝም?»

«ቴራ! ዐሥር ቴራ ነው ያልኩት!»

«እኔም እሱኑ ነው የምልህ፤ ተራ!»

 ከዚያ አንዱ ከኋላ «ቴራ በተራ!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሴትዮዋ የጠየቀችው ባንዴ ስንት ተራ ያስተናግዳል ብላ ነው። ለካ ሰውዬው የመለሰው ያቺን የስሌቱን ነው። ሁለቱም አንድ ቃል የተናገሩ መስሏቸው እጅ ተማቱ። እሷ አራት ልጅ ባንዴ የሚያስቀምጡ ሁለት ዕቃዎቿን ሰጥታ፣ ሁለት ብቻ የሚያስቀምጥ አንድ ዕቃ ልትቀበል ነበር፤ ያውም ለገና።

«የጆሮ ስሕተት ነው እትዬ» አለ አቤል።

«የአፍ ነው! አፍህን ሞልተህ ብትናገር ምን ነበረበት? ቴ፣ ቴ፣ ቴ!»

«እሺ፣ ሥዕሉን ግን አላዩትም? የሳሩ ጤዛ እንኳ ይታያል እኮ!»

«ሥዕል ካማረኝ ቤተ ክርስቲያን አለልኝ። እዚህ የምሸጠው ተራ ነው።»

ማዳበሪያውን ራሷ ፈታችው። ከጎረምሶቹ አንዱ፣ «እትዬ፣ ዐሥር ሆናችሁ ትጫወታላችሁ ብለሽን አልነበር?» ሲላት፣ «ስትጫወት አራት ነህ፣ ስትጮህ ዐሥር ነህ፤ ምን ጎደለብህ?» አለችው። አቤል ተጨማሪ ጆይስቲክ ከደሴ ላምጣ፣ ያኔ አራት ሰው ይይዛል ቢላትም አልሰማችውም። አንድ ዕቃ ሲበላሽ ቤቱ ይዘጋል፤ ሁለት ካለ አንዱ ይቀራል። ይኸን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ነች ያለች። ከዚያም ወደኔ ዞራ፣ «አንቱስ አያ ተገኘ? ያን ሁሉ ዝናብ ሲያዘንቡ ጆይስቲኩን አላዩትም?» አለችኝ። ጆይስቲክ ማን ይቆጥራል? እኔ የተጠራሁት ጉልበቱን እንድለካ ነው።

አቤል ዕቃውን ለታች ሰፈሩ ጌም ቤት ሸጠው። ገና ሲመጣ ጎረምሳው ጤዛውን ሊያይ ወረደ። ገሚሱ መጠበቅ ሰልችቶት ተመልሶ ወጣ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ጥሩወርቅ የገናን ሰሞን ሠርታ የልጆቿን ዓመት ዘጋች። ያንዱ አሮጌ ማራገቢያ በበዓሉ ማግሥት ተቃጠለ፤ እሱንም የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ እየተራገምኩ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ያለኝ ይኸው ነው። ሰው ስለ ዕቃ ቁጥር ሲነግራችሁ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት የምን ነው በሉ። የጌም ቤት ዕቃ በሚያስቀምጠው ሰው ይለካል፤ የሀብታም ልጅ ዕቃ በሥዕሉ ይለካል። ሁለቱን ባንድ ቁጥር የሚያወዳድር ሰው ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ ገዝቶ የተጸጸተ ነው።