ዳስ ክፍል አይደለም

አዋሽና መልካ ወረር ላይ ሃያ ዓመት ሕፃናት ካስተማርኩ በኋላ ሰመራ ትምህርት ቢሮ ውስጥ የአፀደ ሕፃናት ባለሙያ ሆንኩ። እዚያ ከሙቀቱ ይልቅ ያንገበገበኝ አንድ ቅጽ ነው። የብዙ አገሮችን አፀደ ሕፃናት በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ጥራታቸውን እንዲያወዳድር የተዘጋጀ ቅጽ ነበር። ልጆቹ ኮታቸውን የሚሰቅሉበት መስቀያ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አፋር ውስጥ ኮት ለብሶ የሚመጣ የአምስት ዓመት ልጅ ቢገኝ የሚያስፈልገው መስቀያ ሳይሆን ሐኪም ነው። ይህንን ስለ ቅጹ በተሰጠን ስልጠና ላይ ስናገር ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አሰልጣኙ ግን አልሳቀም። አንዲት ቃል ከተነካች አገርን ከአገር ማወዳደር አይቻልም አለን። መስቀያ ካለ አምስት፣ ከሌለ አንድ ስጡ፣ በቃ። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ እንደ ጉድ ስለሚነፍስ እሱ ራሱ ኮት ለብሶ ነበር።

መጀመሪያ ለምዘና የተላክሁት አዳይቱ ወዳለ የሕፃናት ማስተማሪያ ጣቢያ ነው። አስተማሪዋ ከወሎ የመጣች ወጣት ናት፤ ባሏ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው፤ አማርኛውንም አፋርኛውንም ታቀላጥፈዋለች። የምታስተምረው በሰሌን በተሸፈነ ዳስ ውስጥ ነበር፤ በሦስት በኩል ክፍት፣ ነፋሱ እንደ ልቡ የሚያልፍበት። ልጆቹ ማልደው ይመጡና ፀሐይዋ ሳትከፋ ይመለሳሉ። ጠዋቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ጠጠር ይቆጥራሉ፣ ስለ ፍየሎቻቸው ያወራሉ፣ ይዘፍናሉ። አንዷ ስታለቅስ ጭኗ ላይ አስቀምጣት ማስተማሯን ቀጠለች። በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ቅጹ ላይ ግን ክፍል ማለት አራት ግድግዳና በር ያለው ነው። ዳስ ክፍል አይደለም። ክፍል ከሌለ ደግሞ ከጥያቄዎቹ ግማሾቹ ከነአካቴው አንድ ይሰጣቸዋል። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያልኩ ሞላሁ፤ እስክሪብቶውን ወርውሬ ብሄድ ደስ ባለኝ።

ብዙ ሳይቆይ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ጣቢያዎች ተዘግተው ልጆቹ በቅርብ ወዳለ ትምህርት ቤት ይዛወሩ ተባለ። ለእነዚህ ልጆች ቅርብ የተባለው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። አስፋልቱ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ነው፤ ተሳቢዎቹ ሲከንፉ ለግመልም አይቆሙም። አለቃዬን ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ በመጨረሻ ተቆጣሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከፍ ያለ ነጥብ ይዘሽልኝ ነይ እንጂ እኔ ምን ላድርግ ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ በድጋሚ እንድመዝን ፈቀደልኝ።

ከዳሱ ጎን አንድ ፕሮጀክት ሠርቶት የሄደ የቆርቆሮ ቤት አለ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነና ስለሚግል ከባልዲና ከመጥረጊያ በቀር የሚገባበት አልነበረም። በር ግን አለው። ለአንድ ጠዋት ብቻ ልጆቹን እዚያ አስገቢልኝ አልኳት አስተማሪዋን።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቀመጡበታል?» አለችኝ።

እቀመጣለሁ አልኩ፤ ተቀመጥኩም። ከባሏ ሱቅ ምስማር ወስጄ ግድግዳው ላይ በእጄ መታሁና «የኮት መስቀያ» ብዬ አምስት ሰጠሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ልጆቹ ዘፈናቸውን ትተው ላባቸውን ይጠርጉ ጀመር። አንዱን ድካም አሸንፎት ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቅጹ ስለ ዕረፍት ጊዜ የሚጠይቅበት ቦታ ስላለ ለእሱም አምስት ሰጠሁ። ጣቢያው አለፈ፤ ልጆቹም አስፋልቱን ከመሻገር ዳኑ። ደስ ብሎኝ ወደ ሰመራ መመለሴን አልደብቅም።

ከወር በኋላ ደብዳቤ እንዳረቅቅ ታዘዝኩ፤ አማርኛሽ ጥሩ ነው ተብዬ። ጥሩው ነጥብ የተገኘው በክፍሉ ውስጥ ስለሆነ ከእንግዲህ ትምህርቱ እዚያው እንዲሰጥ፣ ዳሱም ለልጆች ደህንነት ስለሚያሰጋ እንዲፈርስ የሚል ነው። እምቢ ብል ነጥቡን እንዴት እንዳመጣሁት መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከተናገርኩ ጣቢያው ይዘጋል። በንዴት እየተቃጠልኩ፣ አንድም የፊደል ስህተት ሳልሠራ ጻፍኩት።

በዓመቱ ለሌላ ምዘና ስሄድ ዳሱ የለም። ቆርቆሮው ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ተቀምጠዋል። ድሮ ከአርባ ያላነሱ ነበሩ። ሌሎቹስ አልኳት።

«እናቶቻቸው አስቀሯቸው» አለች። «ሙቀቱን አልቻሉትም። ወላሂ፣ አልፈርድባቸውም።»

እኔን አንድ ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ቅጹን አውጥቼ መሙላት ጀመርኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ለአንድ አስተማሪ ስንት ልጅ ይደርሳል የሚለው ላይ ደረስኩ፤ ልጆቹ ባነሱ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩና አምስት ሰጠሁ።

በዚያ ዓመት ጣቢያዋ ከመዘንናቸው ሁሉ አንደኛ ወጣች።