እናቴን «አላውቃትም» ያልኩበት የባሕር ዳርቻ

ዛሬ እናቴን «አላውቃትም» አልኩ።

እስክንድርያ አጠገብ፣ ቤተሰብ የሚዝናናበት የባሕር ዳርቻ ላይ ነን። ከአሶሳ ይዣት የመጣሁት ትንሽ እንድታርፍ ብዬ ነበር።

አሸዋው ሲያብረቀርቅ ስታይ አላስቻላትም። የሆቴሉን ሳህን ይዛ ውኃው ዳር ቁጢጥ አለችና ወርቅ ማጠብ ጀመረች! ሱዳን ድንበር ላይ፣ ኩርሙክ እያለን ያሳደገችን እንደዚያ ነው።

(ለወርቅ ማጠቢያ የሆቴል ሳህን አይታማም።)

ሰዉ ከቧት ይስቃል። ጥበቃው መጣና በዐረብኛ «ካንተ ጋር ናት?» አለኝ።

«አላውቃትም።»

ዐረብኛ ከእኔ በላይ እንደምትችል ረስቼው!

ቀና ብላ «ልጄ፣ እሱን ተወው፤ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አለች።

«ልጄ» ያለችው ጥበቃውን ነው።

በእናታችሁ አፍራችሁ የምታውቁ ካላችሁ እስኪ ጻፉልኝ፤ ይቅርታው ከየት ነው የሚጀመረው?