የደንገሉ ፈረስ

እርጥብ ደንገል ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ አለ። ሣር ነው እንዳይሉት ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ዓሣ ነው እንዳይሉት ደግሞ ዝናብ እንደጠጣ የሣር ክዳን ይሸታል፤ ባሕር ዳር ተወልዶ ያላደገ ሰው ቢያቀርቡለት አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት፣ ሐኪሙ ለስኳርሽ ይበጃል ብሎ ያዘዘልኝን የእግር ጉዞ በሐይቁ ዳር ሳዘግም፣ አንድ ታንኳ ሠሪ ያጨደውን ደንገል ዘርግቶ ሲያገላብጥ ሽታው መጣና ባለሁበት ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ የበላሁ መምህርት፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት፣ መንገድ መሀል ቆሜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰውየው ግራ ገብቶት «እማማ፣ ታንኳ ፈልገው ነው?» አለኝ። «ፈረስ» አልሁት። ከራስ እስከ እግሬ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ፈረስ ያልሁት የእውነቴን ነው። ልጅ ሳለሁ ሹም አቦ ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ከጓዳው በር ጀርባ፣ ሙሉ የደንገል ፈረስ ቆሞ ነበር። አባየ የባንጃ አገው ነው፤ ከመራመዱ በፊት ፈረስ የለመደ፣ ባሕር ዳር መጥቶ ግን የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ የሆነ ሰው። ስድስት ቀን በዘይት የራሰ ቱታውን ለብሶ ከብረት ጋር ሲታገል ይሰነብትና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከአገሩ ልጆች ጋር በቀበሌያችን አዳራሽ በአገውኛ ቲያትር ይሠራል። ከተማ ውስጥ ሰንጋ ፈረስ መድረክ ላይ ማውጣት አይቻልምና ለአንድ ታንኳ ሠሪ የደንገል ፈረስ አዘዙት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ከታንኳ ሌላ ሠርቶ አያውቅም፤ እጁ የለመደውን አደረገና የፈረሱን አፍንጫ እንደ ታንኳ ጫፍ ወደ ሰማይ ቀልብሶ አመጣላቸው። አባየ «ይሄ ምን ዓይነት ፈረስ ነው?» ብሎ ቢቆጣ፣ «ቢሆንም ውኃ ላይ አይሰጥምም» ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ፈረሱ በየዓመቱ ሲታደስ አፍንጫው እንደተቀለበሰ ቀረ።

ቲያትሩን የደረሰው አባየ ራሱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሞቱ ሲቃረብ ፈረሱን ሊያወርሰው ከተማ የገባ ልጁን ያስጠራል። ልጁ ቋንቋውን ከተማ በልቶበታል፤ ፈረሱን በአማርኛ «ና፣ ሂድ፣ ተነስ» ሲለው ፈረሱ ቂጡን መሬት ላይ ዘርግቶ ቁጭ! ይለምነዋል፣ ይቆጣዋል፣ ድርቆሽ ያቀርብለታል፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ልጁ አቅሉን ስቶ መሬት ላይ ሲንከባለል፣ እናቱ ድሮ በሬውን የምታስነሳባት አንዲት የአገውኛ ቃል ከሆዱ ትወጣለች፤ ፈረሱም ይነሣል። ሽማግሌው አባየ ነው። ፈረሱ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ይገባል፤ የኋላ እግሮቹ የፋብሪካው ዘበኛ ጋሸ በላይ ናቸው፣ የፊተኞቹ የባለ ጠጅ ቤቷ የእትየ ስመኝ ባል ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ አንድ ወጣት ሸማኔ ተተካ።

የሚገርመው፣ አባየ ያንን ቋንቋ ቤታችን አያስገባውም ነበር። እንደ ጭቃ ጫማ ደጅ ላይ አውልቆት ይገባል። እማየ የደልጊ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፣ አገውኛ አትሰማም፤ እኔ «አስተምረኝ» ብዬ ስነዘንዘው «ትምህርት ቤት አፍሽ ቢሰናከል ይሥቁብሻል፤ በእኔ የተሣቀው ይበቃል» ይለኛል። ስለዚህ በየእሑዱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ አባቴ አዳራሽ ለመጣ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን እኔ ሳልቀበል እመለስ ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ተቀይሜዋለሁ። የልጅን ድርሻ ለባዳ እየሰጡ ለልጅ መንፈግ ምን ይሉታል?

አንድ ዓመት የቀበሌው ሊቀመንበር አባየን አስጠርቶ አዳራሹን ለቪዲዮ ቤት ሊያከራየው መሆኑን ነገረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፣ የገባውም ቢሆን ምን እንደሚባል እናንተ ብቻ ናችሁ የምታውቁት» ነው ያለው። አባየ ለመነ፣ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ሊቀመንበሩ በሚመጣው እሑድ ራሱ መጥቶ ሊያይ፣ አዳራሹ ሞልቶ ሕዝቡ ከተደሰተ ሊተውላቸው ተስማማ። አባየ ቤት ገብቶ ራቱን ሳይበላ ተኛ። በከተማው ያለ አገው ሁሉ ተጠርቶ ቢመጣ እንኳ አዳራሹን እንደማይሞላው ያውቀዋላ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እማየ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የእድሯን ሴቶች፣ ጎረቤቱን፣ ከደልጊ ለገበያ የመጡ ዘመዶቿን፣ ጉልት የምትቸረችረውን ሁሉ ሳታስቀር ለመነች። «እኔ አገውኛ ምን አውቄ?» ያላትን ሁሉ «እኔስ መቼ አወቅሁ? ይኸው ከአገው ጋር አንድ ቤት አርጅቻለሁ» እያለች አፉን ታስይዘዋለች። የማይሰማ ሕዝብ የት ላይ እንደሚሥቅ ደግሞ መላ ተገኘለት። የዳንግላዋ እትየ ስመኝ፣ ወፍራም፣ ሣቃቸው ጎረቤት የሚቀሰቅስ ባለ ጠጅ ቤት፣ ፊት ወንበር መሀል ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ሲሥቁ ሁሉም ይሥቃል፣ እሳቸው በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ሁሉም ያለቅሳል። ቅዳሜ ማታ ግቢያችን ውስጥ ይሄንኑ ሲለማመዱ አመሹ፤ እኛ ልጆቹም አብረን ስንሥቅ ሆዳችን ታመመ።

እሑድ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሊቀመንበሩ ከእትየ ስመኝ አጠገብ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሁሉም እንደተባለው ሄደ፤ እሳቸው ሲሥቁ አዳራሹ ይሥቃል፣ እሳቸው «እህህ» ሲሉ አዳራሹ «እህህ»። ከዚያ ያ ዋናው፣ ጥርስ የማያስከድነው ቦታ ደረሰ፤ ልጁ በአማርኛ ተቆጣ፣ ፈረሱም ቁጭ አለ። ሸማኔው ግን ለዚያ ቀን ብሎ አንድ ነገር አጥንቶ ኖሯል፤ ፈረሱ ሲቀመጥ አንገቱን እንደ ሟቹ አድርጎ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ ሁለቴ ወደ ቀኝ፣ ልክ የእትየ ስመኝ ባል ያደርጉት እንደነበረው ነቀነቀ። እትየ ስመኝ አዩና አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

አዳራሹ ሙሉ ነጠላውን አነሣ። የእድሩ ሴቶች ያውቁበታልና ከልባቸው አነቡት፤ የደልጊ ዘመዶቻችን ደረታቸውን መቱ፤ እማየም ሳይቀር። ቋንቋውን የሚሰሙት ጥቂቶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ አባየ መድረክ ላይ በቁሙ ደረቀ። ጋሸ በላይ እዚያ ጨለማ ሆድ ውስጥ ሆነው ሣቅ ሲጠብቁ ልቅሶ ቢሰሙ፣ ሰው አዳራሽ ውስጥ ሞቷል ብለው፣ በፈረሱ ጎን ያለውን ደንገል በርግደው ራሳቸውን አወጡና «ኧረ ማነው የሞተው?» ብለው ጮኹ። እትየ ስመኝ በእንባቸው መሀል ሣቃቸው ፈነዳ። እሳቸው ከሣቁ እንግዲህ ማን ይቀራል? ሊቀመንበሩ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ተነሣና አባየን እጁን ያዘው፤ «እንዲህ አስለቅሶ እንዲህ የሚያሥቅ ቲያትር አይቼ አላውቅም፤ ቪዲዮው ሌላ ቤት ይፈልግ» አለ።

አዳራሹ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የእኛ ሆነ፤ ኋላ ግን እሱም ፈረሰና ፎቅ ቆመበት። ከጋሸ በላይና ከሸማኔው በቀር ተጫዋቾቹ ገሚሱ ሞቱ፣ ገሚሱ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ። አባየም አረፈ። እንጅባራ ላይ ዛሬ ልጆች በአገውኛ ፊደል ይቆጥራሉ፤ እሰይ፣ እልል ያሰኛል። ሹም አቦ ላይ ግን እሑድን እሑድ የሚያደርገው ያ ጫጫታ የለም፤ የእኔ ልጆች አያታቸው በምን ቋንቋ ሰው ያሥቅ እንደነበረ ስነግራቸው ስልካቸውን እያዩ «እህ» ይሉኛል። ደንገል ዓመት አይቆይም፣ ይበሰብሳል። አባየ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ አዲስ ፈረስ ያሠራ ነበር። ለምን በእንጨት አታሠራውም ብዬ ብጠይቀው «የእንጨት ቢሆን አንዴ ሠርተን እንረሳው ነበር» አለኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ያሠራ ሰው አልነበረም። እኔም ኩርፊያዬን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር፤ አባቴ ነፈገኝ እያልሁ እኔ ለልጆቼ ነፈግኋቸው።

ያን ዕለት ሐይቁ ዳር እንባዬን ጠርጌ ወደ ታንኳ ሠሪው ተመለስሁና የእውነት አዘዝሁት። ከዚያ በቀጥታ ጋሸ በላይ ቤት ሄድሁ። በከዘራ ነው የሚቆሙት። «ማን ያየናል ልጄ?» አሉኝ። «እኔ አያለሁ።» «አንችማ አገውኛ አትሰሚም።» ቃሉ አጥንቴ ድረስ ገባ። «እንግዲያው ከተሜውን ልጅ እኔ ልሁነዋ፣ እሱም አይሰማም» ብላቸው እስኪያስላቸው ሣቁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ ፈረሱን የምታስነሣውን ያችን ቃል ተማርሁ፤ ስንት ትውልድ ያስተማርሁ ሴትዮ እንደ ፊደል ቆጣሪ «ድገሚ፣ ጉሮሮሽን ክፈችው» እየተባልሁ። ያ ወጣቱ ሸማኔ አሁን ሸብቷል፤ የአባየን የሽማግሌ ቦታ ያዘ። ለፊት እግር የጋሸ በላይ የልጅ ልጅ ተገኘ። ለኋላው ሰው ልንፈልግ ስንል ጋሸ በላይ ከዘራቸውን መሬት ላይ ደለቁና «የኋላውን እግር ቆሜ ሳለሁ ለማንም አልሰጥም!» አሉ።

ኅዳር ውስጥ፣ በአንዱ እሑድ፣ እትየ ስመኝ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር ሠራነው። ተመልካቹ የድሮው አዳራሽ አንድ ረድፍ ወንበር አይሞላም ነበር። ልጆቼን በግድ አመጣኋቸው። እትየ ስመኝ ከስተው፣ ጎብጠው፣ ግን ያው ፊት ወንበር መሀል ላይ። ፈረሱን በአማርኛ ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ ድርቆሽ አቀረብሁለት፤ እሱ ቁጭ። መሬት ላይ ተንከባለልሁ፤ ስኳርም ብትሉ ዕድሜም ብትሉ አልታየኝም። ከዚያ ቃሏን አወጣኋት።

ፈረሱ አልተነሣም። ደገምሁት፤ ወይ ፍንክች። ፊቴ በላብ ተጠመቀ። አባየ እውነቱን ነበር፣ ይሄው ተሣቀብኝ አልሁ በሆዴ፣ እልህ ደግሞ ያዘኝ፤ ሦስተኛውን ደልጊ ድረስ ይሰማ ብዬ ጮህሁት። ይሄኔ ከፈረሱ ሆድ የታፈነ ድምፅ መጣ፤ «ሰምቻለሁ ልጄ፣ ልክ ነው ያልሽው፤ ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ።»

እትየ ስመኝ ሣቁ፤ እኔ ግን ሳልጠብቃቸው፣ አብሬያቸው ነው የሣቅሁት። ልጆቼ ስልካቸውን ኪስ ከትተው እየሮጡ መጡና የፈረሱን ቂጥ ደግፈው አነሡት፤ ቆመ፣ ያ የተቀለበሰ አፍንጫው ወደ ሰማይ። ትንሹ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ያችን ቃል አንዴ እንድደግምለት ጠየቀኝ። አባየ የለም፣ አዳራሹ የለም፣ ከአንድ ሙሉ ቋንቋ በእጄ ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ግን ደገምሁለት።

በነጋታው ሐይቁ ዳር ወርጄ ታንኳ ሠሪውን ለከርሞም አንድ ፈረስ አዘዝሁት። አሁን እንደ እብድ ማየቱን ትቷል፤ «እማማ፣ አፍንጫውን የፈረስ ላስመስለው እንዴ?» አለኝ።

«የለም፣ ታንኳ አስመስለው» አልሁት፤ «እንዳይሰጥም።»