የዘይነብ ሻይ ግመል

ስሜ ተሰማ ነው። ሥዕል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ አዋሽ አርባ የሆቴል፣ የፀጉር ቤትና የጋራዥ ሰሌዳ ያየ ሁሉ የእኔን እጅ አይቷል። የቀባሁት ዶሮ ላይ ድመት ስትዘል በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ባለፈው ሳምንት ሰመራ ድረስ የሄድሁትም ተፈልጌ ነው፤ ለምስክርነት።

የተከሰሰችው ዘይነብ ናት። ከወሎ መጥታ አዋሽ ላይ ሻይ ቅጠል ከቅርንፉድና ከሌላ ቅመም ጋር እያሸገች ትሸጣለች። ቢጫ ፓኬቷ ላይ ያለውን ቀይ ግመል የሣልሁት እኔ ነኝ። አንድ የአዲስ አበባ ሻይ አሻጊ «የእኔን ግመል አስመስላ ገዢ አሳሳተች» ብሎ ከሰሳት። ሆን ብላ ነው ከተባለ ካሳው ሱቋን ይበላዋል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዋሽ

በሚኒባስ ተነሣን። ገዋኔ ሳንደርስ ሙቀቱ መስኮቱን አስከፈተን፤ በግራም በቀኝም እሾህ ቁጥቋጦ፣ ፊት ለፊት የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ሰልፍ።

«ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የሚመሰክሩልኝ?» አለች ዘይነብ።

«ከጭንቅላቴ አውጥቼ ነው የሣልሁት እላለሁ።»

«ወላሂ በሉ?»

«የተሰማ እጅ ከማንም አይቀዳም!»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰባት ሰዓት፣ ሚሌ

ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ጎን ያለው ሱቅ የዘይነብንም የከሳሿንም ሻይ ደርድሯል። «የእኔ እጅ በመቶ ሜትር ይታወቃል» ብዬ አንዱን አነሣሁ። ዘይነብ አየችኝና «ጋሼ፣ እሱ የእነሱ ነው» አለች።

አጠገባችን የቆመ አንድ የአፋር ሽማግሌ ሳቀ። «አንተም ተሸወድህ? እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግመሉን አይቼ ባለ ቅርንፉዱን ገዛሁ። ሚስቴ ቅርንፉድ ሲሸታት ያማታል። ያን ዕለት ሙሉ በራድ ሻይ ደፋችብኝ!»

ዘይነብ አንገቷን ደፍታ «አውፍ በሉኝ አባባ» አለችው። እሱ «አንቺ ምን አደረግሽ፣ ግመሉን ስደቢው» አላት። ሁለቱንም ፓኬት ገዝቼ ከሚሌ እስከ ሎጊያ ግመሎቹን ሳስተያይ ሄድሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው ይህን አያምንም።

በማግሥቱ፣ ሰመራ

ችሎቱ ውስጥ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው።

«አባት፣ ይህን ግመል የእነሱን አይተው ነው የሣሉት?»

በዕድሜዬ እንደዚያች መልስ የከበደችኝ የለችም።

«አይቼ ነው። ፓኬታቸውን ፊቴ አስቀምጬ ነው። ‹ጋሼ፣ አልተመሳሰለም ወይ?› ብላ ጠይቃኝ ነበር። ‹ግመል ሁሉ ይመሳሰላል፤ አንቺ ሥዕል ምን ታውቂያለሽ› ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። እጄን አምና ነው የተወችው።»

የከሳሹ ጠበቃ ወጥቶ ለደንበኛው ስልክ ደወለ። ሲመለስ «ሆን ብላ እንዳልሆነ ሰምተናል፤ ግመሉን ከዛሬ ጀምሮ ታንሣ እንጂ ካሳውን ትተናል» አለ፤ ስምምነቱ ተጻፈ። ዘይነብ «አልሐምዱሊላህ» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

አዋሽ ስንመለስ ሰው ሊሰማኝ ተሰበሰበ። የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፦ ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉን የሚያየው እንደ ቃል ኪዳን ነው። በሦስት ቀን ያከናወንሁትን ልንገራችሁ፦

ሱቋን ከካሳ አዳንሁ።
ሰባት መቶ ፓኬት ላይ ያለውን ግመል በገዛ እጄ ወረቀት ለጥፌ ሸፈንሁ።
በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ሰው ፊት ቆሜ «አይቼ ነው» አልሁ።
ዘይነብን «ምን ልሣልልሽ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ይህን ማንንም ደንበኛ ጠይቄ አላውቅም። ገና እያሰበች ነው፤ እኔም ብሩሼን አስቀምጬ እየጠበቅኋት ነው።