ዳርላ ዝም ያለችበት መሻገሪያ

በታልቦት ከተማ ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ ማን ይናገር ተብሎ አይታሰብም፤ ዳርላ ስታኪ አለች። ሰርግ ላይም አለች፤ የቤተ ክርስቲያን ምሳ ሲኖር የድንች ሰላጣው ወረፋ ላይም አለች። የምትሠራው በእንስሳት መኖ መደብሩ ነው። አንድ ከረጢት የዶሮ መኖ ሊገዛ የገባ ገበሬ የጎረቤቱን የጉልበት ሕመም፣ የዝናቡን መዘግየትና ያለፈውን እሑድ ስብከት አብሮ ተሸክሞ ይወጣል። ሰዉ ከኋላዋ ቢስቅም ይወዳታል። ክፉ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ የሰማ ማንም የለምና።

ዳርላ ከወሬ አስበልጣ የምትወደው አንድ ነገር ቢኖር ሶፍትቦል፣ ያ ሴቶች ልጆች የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ፣ ነው። በልጅነቷ ኳስ ወርዋሪ ነበረች፤ ክንዷን እንደ ወፍጮ ጎማ አዙራ ከታች ስትለቅቀው ዱላ የያዘችው ልጅ ኳሱን የምታየው ካለፋት በኋላ ነበር ይላሉ። ዛሬ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ከመደብሩ ጀርባ አሮጌ ፍራሽ ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ መሃሉ ላይ በቀይ ቀለም አራት ማዕዘን ሠርታለች። መወርወር መማር የፈለገች ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደዚያ ፍራሽ ትመጣለች። የታልቦት መካከለኛ ትምህርት ቤት ለዓመታት ያሰለፋቸው ወርዋሪዎች በሙሉ የዚያ ፍራሽ ልጆች ናቸው።

ሁለት ጊዜ የአሰልጣኝነቱን ቦታ ጠይቃለች። ሁለቱንም ጊዜ ለእግር ኳሱ፣ ማለትም ለአሜሪካኖቹ እግር ኳስ፣ ለተቀጠረ ወንድ ተሰጠ፤ ሶፍትቦሉ እንደ ምራቂ ተጨመረለት። አንደኛው ምራቂውን በወጉ እንኳ አልያዘውም፤ ጨዋታው ሲካሄድ እሱ ስልኩን ይነካካ ነበር። ዳርላ አላኮረፈችም። ፍራሹን አራግፋ ሥራዋን ቀጠለች።

በዚህ ዓመት በጋ ላይ የመጨረሻው አሰልጣኝ ወደ ቴክሳስ ተዛወረ፤ ቦታውንም የፈለገ ሰው ጠፋ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆሊስ ፕሩት የቦርዱ ስብሰባ እስኪደርስ አሰልጣኝ ካልተገኘ ዘንድሮ ቡድን እንደማይኖር አስታወቀ። መጫወት የምትፈልግ ልጅ ለጎረቤታችን ከተማ ለግሬንጀር ትጫወት ማለት ነው። የታልቦት ሰው ይህን ከመስማት ድርቅ ቢመጣበት ይመርጣል።

ዳርላ በማግስቱ ሆሊስ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቢሮው ገብታ ጠብቃ ለሦስተኛ ጊዜ ቦታውን ጠየቀችው። ሆሊስም አላንገራገረም።

“ሚስ ዳርላ፣ ከእርስዎ የተሻለ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ” አላት። “ግን ሹፌር የለንም። አሰልጣኙ ራሱ አውቶቡሱን ካልነዳው ልጆቹ የትም አይሄዱም።”

በዚያ አገር ያሉ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ያሠለጠነ ይነዳል። ዳርላ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንዲት ፒክ አፕ በቀር ነድታ አታውቅም። “እነዳዋለሁ” አለችና ወጣች። ግቢው ላይ ስትደርስ ግን ከባንዲራው ምሰሶ ሥር ቆማ የአውቶቡሱን ርዝመት በዓይኗ ለካችው።

ያን ቀን ፍራሹ ዘንድ ሼይ እየጠበቀቻት ነበር። ሼይ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ክንደ ረጅም፣ ቃሏ ቁጥብ። እናቷ በፈረቃ ስለምትሠራ ቀኑን የምትገፋው ከፍራሹ ጋር ነው። ቡድን ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። ዳርላ ስለ ሆሊስ፣ ስለ አውቶቡሱና ስለ ግሬንጀር ሰዎች ኩራት እየዘረዘረች ስታወራ ጥላው ከግድግዳው ወርዶ መሬት ነካ። ባጭሩ አዎ ማለቷ ነበር።

መንዳቱን ሊያስተምራት የተነሣው ቨርል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤቱን አውቶቡሶች ሲነዳና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ። ከእህል ጎተራዎቹ ጎን ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ባዶ ባልዲዎች ደረደረላት። ዳርላ ባልዲዎቹን ፈጀቻቸው። የከተማው ወንዶች በበረዶ የቀዘቀዘ ሻያቸውን ይዘው መጥተው በፒክ አፖቻቸው ጀርባ ላይ ተቀምጠው ያዩዋት ጀመር፤ አንድ ባልዲ በተጨፈለቀ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያወልቁለታል። እሷም በመስኮት ብቅ እያለች ትመልስላቸዋለች። ከመስተዋቱም ጋር፣ ከፍሬኑም ጋር ታወራለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ዳርላ ሞኝ ባትሆንም የያዘችውን አትለቅም። በሳምንታት ውስጥ ያን ቢጫ ግዙፍ ወደ ኋላ እየነዳች በሁለት ባልዲዎች መካከል እንደ ክር አሳለፈችው። ሳቂዎቹም ሻያቸውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ሄዱ።

የፈተናው ቀን ከጎኗ የተቀመጠችው ፈታኝ ፊቷ የማይፈታ ሴት ነበረች። ዳርላ ሁሉንም አሳምራ ሠራች። በመጨረሻ የባቡር ሐዲዱ ጋ ደረሱ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሐዲድ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ በርና መስኮት ይከፈታል፤ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ሹፌሩ ግራ ቀኙን አይቶ፣ አዳምጦ ይሻገራል። ዳርላ ቆመች፣ በሩን ከፈተች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ግራ ቀኝ አየች። ያን ሁሉ ስታደርግ ግን በአባቷ ዘመን እዚያው ሐዲድ ላይ እግሯ ስለተያዘባት ላም እያወራች ነበር።

ፈታኟ አንድ ነገር ጻፈችና አውቶቡሱን እንድትመልሰው ነገረቻት። ወደቀች።

“ባቡር እኮ አልነበረም” አለችው ለቨርል።

“በምን አወቅሽ?”

ዳርላ ስለ ባቡሩ የጉዞ ሰዓት ማውራት ጀመረች።

“በሩ የሚከፈተው ያንቺ ወሬ እንዲወጣ አይደለም፣ ዳርላ” አላት ቨርል። “የውጪው እንዲገባ ነው።”

ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ይቀር ነበር። ዳርላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ ፒክ አፗን ሐዲዱ ጋ አቁማ፣ ሬዲዮኗን ዘግታ፣ መስኮቷን ከፍታ መቀመጥ ጀመረች። መጀመሪያ ጭንቅ ነበር፤ አፏ እንደ ተዘጋበት ሰው ትቁነጠነጣለች። ቀስ በቀስ ግን የፌንጣው ጩኸት፣ የጎተራው ማራገቢያ፣ በሩቁ የባንዲራው ገመድ ብረቱን ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ተለይቶ ይሰማት ጀመር። ተወልዳ ባደገችበት ከተማ እነዚህን ሰምታቸው አታውቅም ነበር። አንድ ቀን እንዲያው ስትቀመጥ የሼይ ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች። አልመጣላትም። ይህ ከፈተናው መውደቅ ይልቅ አሳዘናት።

የቦርዱ ስብሰባ ሲቃረብ ደግማ ተፈተነች። ሐዲዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ በሩን ከፈተች፤ አፏን ዘጋች። አንድ ዕርግብ ስትጮህ ሰማች፤ ሌላ ምንም። ተሻገረች። ፈታኟ ወረቀቷን አጥፋ ስትወርድ፣ “ላሟስ መጨረሻዋ ምን ሆነ?” ብላ ጠየቀቻት። ዳርላም እስኪወጣላት ነገረቻት።

ቦርዱ ያለ ክርክር ቀጠራት። ቨርል ከኋላ ወንበር ቆሞ አጨበጨበ፤ ሦስት ጊዜ የተንኳኳ በር ተከፈተ።

የመጀመሪያው የውጪ ጨዋታ ከግሬንጀር ጋር ነበር፤ መርዶም ሆነ። ሼይ ኳሱን አልቆጣጠር አለች። ኳሷ አንዴ መሬት ይመታል፣ አንዴ ከቀላቢዋ ራስ በላይ ይሄዳል፤ አራት ኳስ የሳተች ወርዋሪ መቺዋን በነፃ ታሳልፋለችና የግሬንጀር ልጆች ዱላቸውን ሳይወዘውዙ ዙሪያውን እየሄዱ ነጥብ ያስቆጥሩ ነበር። የነጥቡ ልዩነት ከልክ ሲያልፍ ዳኛው በሕጉ መሠረት ጨዋታውን ቀድሞ ዘጋው።

ሲመለሱ ልጆቹ መጀመሪያ አኮረፉ፤ ከዚያ ልጆች ናቸውና የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ መዝፈን ጀመሩ። ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ዳርላ አውቶቡሱን አቆመችና እንዳስተማረቻቸው እጇን ከፍ አደረገች። ሁሉም ጸጥ አለ። በሩን ከፈተች። ባቡር የለም። ከኋላ ወንበር ግን ትንሽ ሲቃ ሰማች፤ ኮፍያ ውስጥ የተቀበረ ልቅሶ። በመስተዋቱ ስታይ ሼይ ነበረች።

ለሽንፈት የሚሆን ጥሩ ንግግር ነበራት፤ ለዓመታት ያከማቸችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዋጠችው። በሩን ዘግታ ተሻገረች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሌሎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ሲሄዱ የሼይ እናት ገና አልደረሰችም። ዳርላ ሞተሩን አጥፍታ፣ በሩን እንደተከፈተ ትታ ወደ ኋላ ሄደችና ከልጅቷ ማዶ ተቀመጠች። አንድም ነገር አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዕድሜዋን መኖ ስትሸጥ ለኖረች ሴት ግን ይህን ለማመን ከባድ ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

“ትከሻዬን ያመኛል” አለች ሼይ በመጨረሻ። ድምፅዋ ከታሰበው በላይ ወፍራም ነበር። “ከፀደይ ጀምሮ።”

“ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?”

ሼይ ኮፍያዋን አገላበጠች። “ፍራሹ ጋ ልነግርዎት እፈልግ ነበር። እርስዎ ሲጨርሱ።”

ዳርላ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ ተነሥታ የልጅቷን ትከሻ በቀስታ ዳሰሰች፤ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ኳስ እንደማትነካም ነገረቻት።

“ታዲያ ነገ ልምምድ ላይ ምን ላድርግ?”

“አጠገቤ ትቀመጫለሽ” አለቻት። “አንቺ ታወሪያለሽ፤ እኔ እሰማለሁ።”

ሼይም እስከ ነገ አልጠበቀችም። ስለ ትከሻዋ ጀምራ፣ ስለ እናቷ የሌሊት ፈረቃ፣ ቤት ብቻዋን ስትሆን ስለምትከፍተው ሬዲዮ፣ ስለ ግሬንጀሯ ረጅም ልጅ ቀጠለች። የእናቷ መኪና መጥታ ጥሩምባ ስትነፋ ገና መሃል ላይ ነበረች። ዳርላ ከልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል እጇን በመስኮቱ በኩል ከፍ አደረገች፤ እናትየዋም ሞተሯን አጥፍታ ጠበቀች።